የአክስቴ ስንዴና አልጠፋ ያለው ብርሃን

ሥራዬን ሲጠይቁኝ «ብርሃን ሲሞት አጠገቡ ቆሜ ዕድሜውን እገምታለሁ» እላለሁ። አሰላ ውስጥ እንደኔ ያለ አስታማሚ የለም። ማይክሮስኮፕ ሥር ባለ የስንዴ ቅጠል ላይ ብርሃን ብልጭ እናደርጋለን፤ ቅጠሉም ቀላ ያለ ብርሃን ይመልስና ዓይን ሳይርገበገብ ያጠፋዋል። መሣሪያው የብርሃኑን ቅንጣቶች ይለቅማል፣ እኔ ከሚደርሱበት ጊዜ ዕድሜውን እገምታለሁ። ጤነኛ ቅጠል ብርሃኑን ለምግቡ መሥሪያ ስለሚሻማው ቶሎ ይጠፋል፤ የታመመው ላይ ግን ይቆያል።

በቆጂ ያሉት አክስቴ ይህን ሰምተው ከማሳቸው ቅጠል በሚኒባስ ላኩልኝ። የጎረቤታቸው ስንዴ ዋግ መትቶት ነበር። የእሳቸውም ከተያዘ፣ ሳይብስ ለከብት መኖ ሊያሳጭዱት ቆርጠዋል። ከቅጠሉ ጋር በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ነበር፤ የአክስቴ ዕቃ መቼም ያለ ቅቤ አይመጣም።

ለካሁት። ብርሃኑ አልጠፋ አለ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ደወልኩና «እቴቴ፣ ታሟል» አልኳቸው።

«ይሁን እንግዲህ። ለነገ አጫጆች እጠራለሁ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ግን «ቅቤውስ ደህና ደረሰ? ቅጠሉንም እኮ ቀባ ቀባ አድርጌዋለሁ፣ መንገድ እንዳያደርቀው» አሉ።

«ቅጠሉን ቀቡት?»

«ታዲያስ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! ሰው ቤት ሲሄድ ደርቆ እንደነጣ ልስደደው?»

እኔ ደግሞ ማብረቅረቁ ትኩስነቱ መስሎኝ ነበር! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። «አጫጆቹን እንዳይጠሩ!» ብዬ ጮህኩ።

በማግስቱ ያልተቀባ ቅጠል ይዘው ራሳቸው መጡ። ለካሁት፤ ብርሃኑ ወዲያው ጠፋ። በብርሃን መሞት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ቅቤውን ብቻውን ብለካው፣ ያ ግትር ብርሃን እዚያው ቁጭ ብሏል። ላሟ የበላችው ሣር አረንጓዴ ቀለም ቅሪት ነው፤ ተግጦ፣ ታልቦ፣ ተንጦም ያበራል።

ይህን ሁሉ ስተነትንላቸው አክስቴ የሚያዩት ፀጉሬን ነበር። «ስንዴዬስ ጤነኛ ነው። የታመመው ይኼ ራስ ነው» አሉና የተረፈውን ቅቤ አናቴ ላይ ለጠፉት።

ሳምንቱን ሙሉ ባልደረቦቼ «የራስሽ ቅቤ ያበራል» እያሉ ማይክሮስኮፑ አጠገብ አላስደርስ አሉኝ። አልከፋኝም፤ በቆጂ ላይ ስንዴው እንደቆመ ነው።