«ስለ እኔ» የሚለው ገጽ

የባለቤቴ የሕይወት ታሪክ በቀብሩ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የተነበበው እኔ ከሰጠሁት ጽሑፍ ነው። ስለዚያ ቀን ይህን ለመጻፍ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። እጀምራለሁ፣ እነሣለሁ፣ እስከ ጎንደር ፒያሳ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እጀምራለሁ።

የዕድራችን ጸሐፊ የዚያን ጠዋት መጥተው፣ «የትውልድ ቦታውን፣ ትምህርቱን፣ ሥራውን ባጭሩ ስጭኝ» አሉኝ። ብዕር የሚይዝ እጅ አልነበረኝም። ባለቤቴ ድረ ገጽ ሠሪ ነበርና የራሱ ገጽ ነበረው፤ በስልኬ ከፍቼ «ስለ እኔ» የሚለውን ቦታ አሳየኋቸው። እሳቸውም ቃል በቃል ገለበጡት። ደንበኛ ለመሳብ የተጻፈውን ነው ቀባሪው ቆሞ ያዳመጠ። «በጎንደር ከተማ ተወልዶ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቋል። ለሆቴሎችና ለአስጎብኚዎች ፈጣንና ማራኪ ድረ ገጾችን ይሠራል።» ይሠራል አሉ፣ ሳጥኑ ፊታቸው ተቀምጦ።

እናቱ አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ቀና ብለው አዩኝና በነጠላቸው ተሸፈኑ። በሠልስቱ ማግስት ሳይስሙኝ ወደ መንደራቸው ወደ ድብ ባሕር ተመለሱ። ለአርባው አልመጡም።

ምክንያቱን የማውቅ መሰለኝ፤ አገሩ አልተጠራም። ልጃቸው ያደገው ድብ ባሕር ነው፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረውም እዚያው። ጎንደር የመጣው ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ነው፤ ከሦስት ያገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው። ኮምፒውተር መጀመሪያ የነካው ማመልከቻ በሚተይቡበት ሱቅ ውስጥ ነበር፤ የሱቁ ባለቤት ምሳ ስትሄድ ይጠብቅላት ነበርና። ያን ሁሉ ገጹ ላይ አልጻፈውም። ሲጽፍ አጠገቡ ነበርሁና፣ «ምነው ድብ ባሕርን ዘለልኸው?» አልሁት።

«ደንበኛው ካርታ ላይ ሲፈልገኝ ይደክመዋል» ብሎ ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ዓመቱን ሙሉ ያላስቀመጠኝ። ባገሩ ያፍር ነበር? ሳህን ሳጥብ እጠይቀዋለሁ፤ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም እጠይቀዋለሁ። ለሞተ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ማብዛት ያሳፍራል፤ ግን አልተወኝም።

ሥራውን ሰፈራችን በቅጡ አያውቀውም ነበር። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ጎረቤቶች በራችንን እያንኳኩ፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ምነው ዘጋኸው?» ይሉታል። እርሱም፣ «ጥርሴን እስክፍቅ ነው፣ ይለቀቃል» ይላቸዋል። ኢንተርኔት ለወራት የጠፋ ጊዜ ግን ቀልዱም ጠፋ። ቦርሳውን አንግቦ የገመድ ኢንተርኔት ያልተቋረጠባቸውን ሆቴሎች ይዞር ነበር። እንግዳ በሌለው አዳራሽ ተቀምጦ፣ እንግዳ ለማይመጣበት ሆቴል ገጽ ያድሳል። «የቆመ ገጽ የሞተ ይመስላል» ይለኝ ነበር። የኩላሊት ሕመሙ ሲጸናበት ጽሑፍ መቀየርን ለእኔ አስተማረኝ፤ ደንበኞቹ እንዳይቸገሩ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ አላስችል አለኝ። ኮምፒውተሩን በቦርሳው ይዤ ወደ ድብ ባሕር ሚኒባስ ተሳፈርሁ። እናቱ ደጃፋቸው ላይ ባቄላ እየለቀሙ አገኘኋቸው፤ ወንድማቸውም አጠገባቸው ጅራፍ ይገምዳሉ።

«እማማ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ።»

«ምን አድርገሽ?»

«የትውልድ ቦታውን። ድብ ባሕር መባል ሲገባው ጎንደር ተባለ። እርሱም ገጹ ላይ እንደዚያ ነበር የጻፈው።»

ባቄላውን ትተው አዩኝ። «ታዲያ ጎንደር አይደል የተወለደ? ምን ይበል?»

ወንድማቸው ሳቁ። «አልነገረሽም? ምጡ ሦስት ቀን ቢሆን በቃሬዛ ተሸክመን ማኪና መንገድ አደረስናት። እህል የጫነ ማኪና ለምነን ከጆንያው ላይ አወጣናት። ሹፌሩ፣ ‹ማኪናዬ ላይ እንዳትወልድ!› ይላል፤ እሷ ከላይ ሆና ሰባት ዘሩን ትሰድበዋለች።»

«ይበለው! አንድ ጉድጓድ አላለፈውም» አሉ እናቱ። «ጎንደር ሆስፒታል ደጁ ላይ ስወርድ ነው ልጁም የወረደ።»

ፊቴን የት ላግባው። «ታዲያ እማማ ምነው ተቀየሙኝ? አያ፣ ይንገሩኝ እንጂ» አልሁ ወደ ወንድማቸው ዞሬ። እሳቸው ግን ጅራፋቸውን ያዩ ጀመር።

መልሱ ከእናቱ መጣ። «ልጄ፣ ያ ሁሉ ሲነበብ እናቱ ማን እንደሆነች አልተነበበም። ትምህርቱ ተጠራ፣ ደንበኛው ተጠራ፣ ሆቴሉ ተጠራ። እኔ ሬሳው ሥር ቁጭ ብዬ አሁን ይጠሩኛል፣ አሁን ይጠሩኛል ስል፣ አለቀ። አገሬው ከሰማይ የወረደ ልጅ መሰለው።»

አንድ ዓመት ሙሉ ስመረምር የነበረው ቦታውን ነው። ያን መስመር ለጸሐፊው ሳሳይም፣ ሳነበውም፣ እናት እንደሌለችበት አላየሁም።

ኮምፒውተሩን እዚያው ደጃፍ ላይ ከፍቼ በስልኬ ኔትወርክ አገናኘሁት። የአባቱንና የእናቱን ስም፣ ያደገበትን ቀዬ ጨመርሁ። እናቱ፣ «ስሜን እስከ አያቴ ካልጻፍሽ» አሉ፤ ጻፍሁ። «ይሠራል» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። «ይሠራ ነበር» ማለት ነበረብኝ። እንዳለች አለፍኋት።

አስቀምጥ የሚለውን ስጫን የምትዞረው ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች።

«ምነው፣ ይህም እንደ ማኪና ግፊት ይፈልጋል?» አሉ ወንድማቸው።

ክቧ ቆመች። ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። እናቱ ስማቸው ሲጠራ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ያን ቀን ግቢው ውስጥ ሊያደርጉት እንደጠበቁት።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ለሙት ዓመቱም እመጣለሁ፤ አንቺው ታነቢዋለሽ።» ከዚያ ወደ ባቄላቸው ተመልሰው፣ «ይህን ጎንደር ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል?» አሉ።

«ያየዋል፣ እማማ።»

«ያ ሹፌርም?»

«በሕይወት ካለ ያየዋል።»

«ይየው» አሉ።