ሲሸኙኝ የነገሩኝ

የፎገራን ሜዳ መጀመሪያ ያየሁት በበጋ ነው፤ ጥፋቴም ከዚያ ይጀምራል። ከሸዋ ተዛውሬ ወረታ የገባሁት ሚያዝያ ላይ ነበር። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ከብቱ ሩዝ በታጨደበት ማሳ ላይ ተሰማርቷል፤ ያን ያየ ሰው ይህ ሁሉ አገር ክረምት ሲመጣ ውሃ ይተኛበታል ቢሉት አያምንም። እኔም ሲነግሩኝ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ ከልቤ አላመንኩም። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ተብሎ ለተቀጠረ ሰው ይህ የሚያኮራ ነገር አይደለም።

በዚያው ሰሞን ሌላ ከተማ ካምፕ ውስጥ ይሠራ የነበረ የወታደር መኪናዎች ጥገና ከወረታ ወጣ ብሎ ወዳለ ካምፕ ሊዛወር ታሰበ። ከመዛወሩ በፊት ሥራው አካባቢውን ይጎዳ እንደሆነ መርምሮ መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆነ። የከባድ መኪና ጥገና ባለበት የተቃጠለ ዘይት አለ፣ ግራሶ አለ፣ የባትሪ አሲድ አለ፣ ሞተር የታጠበበት ውሃ አለ። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይህ ሁሉ እድፍ ወዴት ይሄዳል?

ከካምፑ በስተምሥራቅ፣ በቁሐር ሚካኤል በኩል፣ የገበሬዎች ቤቶች አሉ። ከሁሉም የሚቀርበው የአንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ደጃቸው ላይ በወጣትነታቸው ራሳቸው የቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ ነበር፤ ቤተሰባቸውም ጎረቤቱም የሚጠጣው ከዚያ ነው። ያ ጉድጓድ እንዳይነካ ማድረግ የእኔ ኃላፊነት እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ የማመካኝበት ነገር የለኝም።

ሦስት ቀን ሙሉ በፀሐይ እየነደድኩ መሬቱን ለካሁ። መሣሪያው እንዳሳየኝ መሬቱ የሚያዘነብለው ወደ ምዕራብ፣ ከሜዳው ማዶ ወዳለው ሐይቅ ነው። እንግዲያው የዘይቱ ማጠራቀሚያ በዚያ በኩል ቢቆፈር፣ ምናልባት ቢፈስ እንኳ ከቤቶቹ ይርቃል። ሒሳቡ ቀላል ሆነልኝና በራሴ ኮራሁ። አለቃዬ ወረቀቱ ክረምቱ ሳይገባ እንዲያልቅ ይፈልግ ነበር፤ እኔም እንደሱው ቸኩዬ ነበር።

የቀረኝ ነዋሪውን ማነጋገር ነበር። በገበሬ ማሠልጠኛው ግቢ ሰበሰብኳቸው፣ ካርታዬን ዘርግቼ አስረዳሁ፣ ተቃውሞ ያለው ሰው ካለ ብዬ ጠየቅሁ። ማንም ምንም አላለም። ሽማግሌው ተነሡና እኔንም ሥራዬንም መርቀው ተቀመጡ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ «ነዋሪው ተቃውሞ የለውም» ብዬ ጽፌ አስፈረምኩ። መፈረም ያልቻለው በጣቱ አተመ። እንዲህ ያለ ጨዋ ስብሰባ አይቼ አላውቅም ብዬ ተደሰትኩ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ።

እዚያ አገር እንግዳ ብቻውን አይለቀቅም። ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ባጃጅ እስከማገኝበት አስፋልት ድረስ ሸኙኝ። መንገዱን ሁሉ ስለ እናቴና ስለ አባቴ ጠየቁኝ፣ ስለ ሩዙ አጫወቱኝ። አስፋልቱ አጠገብ ስንደርስ ቆሙ።

«ልጄ፤ ይኸ ውሃ በበጋ ያየሽው አይዶለም» አሉኝ። «ነሐሴ ሲገባ ሐይቁ ይሞላል፤ ወደሱ የሚፈሰው ወንዝ መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሐይቁ በኩል የምታጠራቅሚው ዘይት ተመልሶ እኔ ደጅ ነው የሚመጣ። ይኸን ጻፊው።»

«እሺ አባቴ፣ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው።

እዚያው አቅራቢያ የይፋግ ልጅ የሆነች የቢሮ ባልደረባዬ ነገሩን ያስረዳችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እዚያ አገር እንግዳን በሰው ፊት «ተሳስተሻል» ማለት ነውር ነው። ቁም ነገሩ የሚነገረው ሲሸኙ ነው፤ የሚሸኘውም ከንግግሩ ሁሉ የከበደው ያ እንደሆነ ያውቃል። ሽማግሌው ጉባኤው ላይ ዝም ያሉት አክብረውኝ ነበር፤ መንገድ ላይ የነገሩኝ ወረቀቴ ላይ እንደሚገባም አልተጠራጠሩም። እኔ ባደግሁበት ደግሞ ሰው ያለውን የሚለው በስብሰባ ነው፤ የመንገድ ወሬ የመንገድ ነው።

ግን ባህሉን አለማወቄ ምክንያት አይሆነኝም፤ «ጻፊው» ብለውኛል፣ እሺ ብያለሁ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ሳስበው ቃለ ጉባኤው ተዘግቷል። ይህን ልጨምር ብል ስብሰባው እንደገና ሊጠራ፣ መሬቱም ውሃው ሲመጣ እንደገና ሊለካ ነው፤ ወረቀቱ መስከረምን ሊሻገር። ሽማግሌ ሁሉ የድሮ ጎርፍ ያወራል አልኩ በሆዴ። ከእሳቸው ይልቅ መሣሪያዬን አመንኩ። አልጻፍኩም።

ጥገናው ሰኔ ላይ ተዛወረ፤ ማጠራቀሚያውም እኔ ባልኩበት ተቆፈረ። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከቁሐር ለገበያ የመጡ ሰዎች ውሃው ዘይት ዘይት ይሸታል ሲሉ ሰማሁና በማግስቱ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሄድኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ቀስ እያለ፣ ግን ወደ ምሥራቅ። ላዩ ላይ ቅባት ይንሳፈፋል። የሩዙ አገዳ ከሥሩ ጠቁሯል። የሽማግሌው ጉድጓድ አፉ ድረስ ሞልቶ ከጎርፉ ጋር አንድ ሆኗል። በቆምኩበት አለቀስኩ።

ውሃው ከሸሸ በኋላ ተመልሼ ስሄድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ጉድጓዱን በባልዲ እየቀዳ ይደፋል። ቢቀዱት ቢቀዱት ሽታው አልለቀቀም። የሽማግሌው ምራት ከዚያን ጊዜ ጀምራ ከአስፋልቱ ማዶ ጀሪካን በጀርባዋ እያዘለች ነበር የምታጠጣቸው። አንዱ ጎረቤት ባልዲውን አስቀመጠና «አንቺ አይዶለሽም ያስፈረምሽን?» አለኝ። ሌሎቹም ሥራቸውን አቆሙ።

መልስ ሳልሰጥ ሽማግሌው ቀደሙኝ።

«ተዋት» አሉት። «ስሸኛት ነግሬያታለሁ፤ እሷም ጽፋዋለች። እምቢ ያሉት የበላዮቿ ናቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አይዶለም እንዴ ልጄ?»

«አዎ አባቴ» አልኩ።

የተቆጣኝ ሰው አፈረና በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠኝ። ተቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት አዲስ ወረቀት ጻፍኩ፤ ዘይቱ በበርሜል እየተሞላ ከሜዳው እንዲወጣ፣ ማጠራቀሚያው እንዲደፈን። ሰሙኝ፤ ተደረገም። ለካ ቢጻፍ የሚሰማ ኖሯል። ጉድጓዱን ግን ሽማግሌው ጥቅምት ላይ ራሳቸው አፈር ሞሉት።

ዛሬም ወረታ ገበያ እንገናኛለን። ባለፈው ቅዳሜ ከማላውቀው ሰው ጋር ቆመው አገኘኋቸው። እጄን ያዙና «ለእኛ ብላ ከአለቆቿ የተጣላች ልጅ ይቻት» ብለው አስተዋወቁኝ። ሰውየው ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣኝ። እኔም እጅ ነሣሁ።