ለሚስ ኖራ ያዋስናቸው አያቶች

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ከሶስና ጋር በሲ.ኤም.ሲ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ስናልፍ፣ ቅቅል ድንች የምትሸጠው ሴትዮ የድስቷን ክዳን ከፈት አደረገችና ያ ሞቃት፣ አፈር አፈር የሚል እንፋሎት ፊቴን አለበሰው። የድንች ሽታ እንደ አበባ ቆም ብለው የሚያሸቱት ነገር አይደለም፤ እኔ ግን ቆምኩ። ሶስና የራበኝ መስሏት ሚጥሚጣ የተነሰነሰባቸው ሁለት ድንቾች በወረቀት አስጠቅልላ ሰጠችኝ፣ እዚያው መንገድ ዳር ቆመን ጣታችንን እያቃጠለን በላን፤ እኔም ልጣጩን እያነሳሁ ስሟን ከጠራሁ ዘመን የሆነኝን የእንግሊዝኛ አስተማሪዬን፣ ሚስ ኖራን፣ አሰብኳት።

ነገሩ የድንቹ ብቻ አልነበረም። ሶስና የቤት ሥራ ተሰጥቷት፣ በእናቷ በኩል ያሉትን አያቶቿን ሁሉ በዛፍ ሥዕል ላይ ጽፋ እንድትመጣ ታዝዛ ነበር። እኔም ኮራ ብዬ፣ ይሄማ ምን ችግር አለው፣ እኔ እኮ አባቶቼን እስከ ሰባት ቤት በቃሌ ነው የማውቀው ብያት ነበር። ታዲያ ድንቹን ጨርሰን መንገድ ስንጀምር ቆጠርኩላት። ደምሴ፣ ሽብሩ፣ አንዳርጌ፣ ካሳዬ፣ ውብነህ፣ ጎሹ። ከጎሹ በኋላ ምላሴ ቆመ። እንደገና ከአባቴ ጀመርኩ፣ እንደገና ጎሹ ላይ ቆምኩ። ሶስና ስልኳን አውጥታ ልትጽፍ አንጋጣ ታየኛለች፤ ሰባተኛው ስም ግን የለም።

እኛ ያደግነው ከኮተቤ መንገድ በላይ፣ የእንጦጦ ዳገት በሚጀምርበት፣ ክረምት ሲገባ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቆርቆሮው ላይ እየተለጠፈ አሸንዳውን በሚዘጋበት ቤት ነው። አባባ የመሬት ግብር ጸሐፊ ነበሩ። ማታ ሲገቡ ኮታቸው የካርቦን ወረቀትና የቀለም ሽታ ይሸት ነበር፤ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶችም ሰማያዊ ሆነው የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ሲጽፉ ይውሉና ከእራት በኋላ ደግሞ እኛን ሦስት ልጆቻቸውን እጃችንን ወደኋላ አጣምረን በተራ ያስቆሙንና አባቶቻችንን ያስቆጥሩናል። የተደናቀፈ እግራቸውን ያጥባል። ታላቅ ወንድሜ ሆነ ብሎ እየተደናቀፈ ነው እንዴ እስክንል ድረስ የአባባን እግር ያጠበው እሱ ነው፤ እኔ ግን አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም፣ ይህንንም ለጎረቤቱ ሁሉ አወራ ነበር። ሰባት ቤት ያልቆጠረ ሰው ከሥጋ ዘመዱ ጋር ሳያውቅ ሊጋባ ይችላልና፣ በኛ ቤት ቆጠራው እንደ ጸሎት ያህል ይከበር ነበር። አባባ ይህን ያህል ስም ሲጽፉ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸውን አባቶች ግን ወረቀት ላይ አስፍረው አያውቁም። "ወረቀት ለግብር ነው፤ አባቶቻችሁን በአፋችሁ ያዙ" ይሉን ነበር።

ሚስ ኖራ ከአየርላንድ የመጣች ቀጭን ወጣት ነበረች። ጸጉሯ የዳማ ፈረስ ዓይነት ነው፤ ፊቷ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ነጠብጣብ ነበራት፣ እኛም ይህ ነገር ይለቅ እንደሆነ ለማየት ዝናብ በመታት ቁጥር አፍጥጠን እናያት ነበር። አይለቅም። በሰኔ ጭቃ ደስ ሲላት ያየሁት ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ናት፤ ሰው ሁሉ ተኮራምቶ ሲሄድ እሷ የጎማ ቡትስ አጥልቃ፣ አገሯን እንዳየች ሁሉ እየዘፈነች ትመጣለች። አንድ ቀን በአገሯ በድሮ ዘመን ድንች በበሽታ ተበላሽቶ ስንት ሰው በረሃብ እንዳለቀ፣ የተረፈውም በመርከብ እየተጫነ እንደተሰደደ ስትነግረን፣ አንዱ ልጅ እጁን አወጣና ድንቹ ሲበላሽ እንጀራውን ለምን በባዶው እንዳልበሉት ጠየቃት። ሚስ ኖራ አልሳቀችም። እንጀራ እንዳልነበራቸው፣ ስንዴ ቢዘሩ እንኳ ስንዴው ለባለመሬቱ ኪራይ እንደሚሄድ በእርጋታ አስረዳችን። ያን ማታ ይህን ለአባባ ስነግራቸው፣ "ጢሰኛ ነበሩ በያ" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሚስ ኖራ አንድ ትልቅ ሐሳብ የአያቷን አባት ማግኘት ነበር። አያቷ ማይክል ልጅ ሆኖ ከገጠር ወደ ከተማ ተሰዶ፣ ስለ አባቱ አንድም ቃል ሳይናገር ነው የሞተው። አገር ቤት የቀረች አክስቷ በየደብሩ እየዞረች የቄሶቹን የጥምቀት መዝገብ ታስገልጣለች፣ ያገኘችውንም ትጽፍላታለች፣ ሚስ ኖራም ያንን ለእኛ የእንግሊዝኛ ትምህርት አድርጋ ታነብልናለች። የተጠመቀ፣ ጭሰኛ፣ ባለርስት የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ያወቅነው ማንኪያና ሹካን ከማወቃችን በፊት ነው። ክፍሉ በሙሉ ፍለጋው ውስጥ ገባ። አክስቷ በመዝገቡ ውስጥ የፓትሪክ ልጅ ማይክልን አገኘችው ሲባል ጨበጨብን፤ በዚያው መንደር፣ በዚያው ወቅት ሌላም ፓትሪክ ሌላ ማይክል አስጠምቋል ሲባል ደግሞ አዘንን፤ ለልጅ ስም እንዲህ የሚሰስት አገር ምን ዓይነት አገር ነው ተባባልን። በመጨረሻ የለየው የመሬት መዝገብ ነው። አያቷ ሲያረጅ የሚያወራው ስለ አንድ የድንጋይ ድልድይ ብቻ ነበርና፣ ከሁለቱ ፓትሪኮች የአንዱ መሬት ከድልድዩ ሥር ሆኖ ተገኘ።

ያን ቀን ሚስ ኖራ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። ጠመኔውን አንስታ ጆን፣ ማይክል፣ ፓትሪክ ብላ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፈችና ወደኛ ዞረች። እኛ ቀጣዩን ስም ጠበቅን። የክፍል አለቃችን ነው የደፈረው።

"ሚስ፣ የቀሩት አራቱስ?"

መዝገቡ ከዚያ ወዲያ እንደማይሄድ፣ የቀሩት እንደጠፉ ነገረችን። ደንግጠን አየናት። እኛ መሐል ጫማ የሌለው ነበር፣ ደብተር የሌለው ነበር፣ አራት አያት የጠፋበት ሰው ግን አይተን አናውቅም።

አባባ ይህን ሲሰሙ የጎረሱትን እንኳ በቅጡ አላላመጡም። "ምስኪን! ለትዳር የሚጠይቃት ቢመጣ በምን ታጣራለች?" አሉ፤ የሚመጣው ሰው ከየት አገር ይሆናል ብሎ ማሰብ የአባባ ጉዳይ አልነበረም። በፋሲካ ማግስት ቤታችን ጠሯት። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ስለዚያ የመሬት መዝገብ አንድ በአንድ ጠየቋት፣ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ እያስተረጎምኩ፤ ማን ይጽፈዋል፣ ወሰኑ እንዴት ይጠቀሳል፣ ከፋዩ ቢሞት ማን ይተካል። የሥራ ባልደረባቸውን ያገኙ ያህል ነበር ደስታቸው። "የኛም እንደዚያው ነው፤ መዝገብ የከፈለውን እንጂ የወለደውን አይጠይቅም" አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለሽምግልና የተቀመጡ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የእኛን የመጨረሻዎቹን አራቱን እናውስዎታለን። የራስዎን ሲያገኙ ይመልሱልናል።"

ስተረጉምላት ሳቀች፤ ቀና ብላ አባባን ስታያቸው ግን ሳቋን ተወችው። ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ እንደኛ እጇን ወደኋላ አጣመረች፣ አባባ እየመሩ እሷ እየተከተለች ቆጠረች። ጆን፣ ማይክል፣ ፓትሪክ፣ ካሳዬ፣ ውብነህ፣ ጎሹ፣ ከዚያም ሰባተኛው። ስንቴ እንደተደናቀፈች፣ ወንድሜም እግር ማጠቢያውን ሳህን እያመጣ እንዴት እንዳሳቀን አይረሳኝም። ሳትሳሳት ስትጨርሰው እናቴ እልል አለች። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ከአባባ ጋር በተገናኙ ቁጥር ሰላምታቸው ይኸው ሆነ፤ እሷ ቆማ ሰባቱን ትቆጥራለች፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ።

ትምህርት ቤቶች የተዘጉበት ዓመት ሲመጣ ሚስ ኖራ ወደ አገሯ ተመለሰች። ልትሰናበት የመጣች ዕለት አባባ እስከ አጥሩ በር ሸኝተዋት፣ "አደራ፣ አያቶቼን" አሏት፤ እሷም እዚያው ጭቃው ላይ ቆማ ለመጨረሻ ጊዜ ቆጠረችላቸው። ብዙም ሳይቆይ መሬት የመንግሥት ሆነ፣ የአባባም መሥሪያ ቤት ስሙም ሰዉም ተለወጠ። እኛ አደግን፣ ተበታተንን። እኔ ያገባሁት የሩቅ አገር ሰው ስለሆነ አባቶችሽን ቁጠሪ ያለኝ የለም፤ ልጆቼም ሲያገቡ የተጠየቁት ስለ አዳራሽና ስለ መኪና ነው። አባባ አረፉ፣ ወንድሜም እህቴም ተከተሏቸው። ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል፣ አሸንዳውን የሚዘጋ ቅጠልም የለም።

ከሶስና ጋር ድንች በበላን ማግስት የአባባን የቆርቆሮ ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁ። የግብር ደረሰኞቻቸው ሁሉ አሉ፣ ጽሕፈታቸው እንዳማረ፤ ግን በሁሉም ላይ ያለው ደምሴ ሽብሩ ብቻ ነው። ሚስ ኖራን የረዳት ደብር ነውና እኔም አባቶቼ ክርስትና ወደተነሱበት፣ እንጦጦ ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ጉልበቴ ዳገቱን እየረገመ ደረስኩ። መዝገቡን የሚጠብቁት መምሬ ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ያረጀ የብራና መጽሐፍ ገልጠው በኅዳጉ ላይ የተጻፉትን የጥንት ምእመናን ስሞች በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ። ወልደ ሥላሴ፣ ገብረ ኢየሱስ፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም።

"የአባቶችዎን የክርስትና ስም ያውቃሉ?" አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ቤት ስንቆጥር የኖርነው የዓለም ስማቸውን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የምትጠራቸው በክርስትና ስማቸው ነው። ምናልባት ከእነዚያ ወልደ ሥላሴዎች አንዱ የጎሹ አባት ይሆናል፤ የመምሬ ጣት አልፎበት ይሆናል እኮ! ግን ማን ይነግረኛል? አላውቅም አልኳቸው፣ እሳቸውም መጽሐፉን ቀስ ብለው ከደኑትና በሻሹ ጠቀለሉት። ስወርድ አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ አይቼው ለማላውቅ ሰው።

ቤት ስገባ ሶስና ዛፏን ቀለም ቀብታ፣ ስድስቱን ቅጠሎች ሞልታ፣ ሰባተኛውን ባዶ ትታ ትጠብቀኛለች። የሚስ ኖራን ታሪክ ነገርኳት፤ እርሳሷን እያኘከች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አሁን አለች?"

"እንጃ ልጄ። ካለች አርጅታለች።"

ካለች፣ አልኩ በልቤ፣ በዚያ ዝናባም አገር አንድ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ድንች ስትልጥ፣ በዚያ አልገራ ባለው አንደበቷ ሰባቱን ትቆጥር ይሆናል፤ አጠገቧ ያሉትም እርጅና ያስለፈለፋት ይመስላቸው ይሆናል። የአባቴ ዘር ስንት ትውልድ ተቀባብሎ ያመጣውን ስም እኔ፣ ተሳስቼ የማላውቀው ልጅ፣ ጣልኩት፤ በዓለም ላይ የቀረለት አፍ ቢኖር የእሷ ነው።

"እና ውሰት ከሆነ ለምን አትመልስም?" አለች ሶስና።

"የራሷን ስታገኝ ነዋ። አላገኘችም ማለት ነው።"

ሶስና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ዛፏን ወደራሷ ሳበችና በባዶው ቅጠል ላይ፣ ፊደሎቹን እያጠበበች፣ "ሚስ ኖራ ጋ ነው ያለው" ብላ ጻፈችበት።