አንሙት ጤፉን ዳጉሳ ያለ ቀን

ማርቆስ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ፣ ጋዜጠኝነት ክፍል፣ ማይክሮፎኑ አንድ ነው፤ ተማሪው አርባ ሁለት። ስለዚህ ባዶ ሃይላንድ አፍ ላይ እየደቀኑ ነው እርስ በርስ ቃለ መጠይቅ የሚለማመዱት።

«እስኪ ራስዎን ለአድማጮቻችን ያስተዋውቁልን?» ይላል አንሙት።

«ትናንት ሽንት ቤት ወረፋ ላይ ተዋወቅን አይደል እንዴ?» ይላል ጓደኛው።

መምህር ተስፋዓለም ግን ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አንድ ሰኞ ገባና ቅጽ በተነ። «ሁለት ሳምንት የሚሠራ ጋዜጠኛ ትከተላላችሁ። የፊታችን ዓርብ ሳይሆን የሚቀጥለው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጋዜጠኛው የፈረመበትን ቅጽና የሦስት ደቂቃ ድምፅ ጠረጴዛዬ ላይ አገኛለሁ። ድምፁ ውስጥ እንደ ሰው የሚያወራ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። አንድ! እሱ ከሌለ ኮርሱን ለከርሞ ከታናናሾቻችሁ ጋር ትደግሙታላችሁ።»

አንሙት ሳቀ። እንደ ሰው የሚያወራ ሰው ጠፍቶ ነው? ሳቁን ግን ቶሎ ዋጠው፤ ምክንያቱም አባቱ አያ ፈንታ፣ አገራቸው አምበር ላይ ያገኘውን ሁሉ አቁሞ «ልጄ ሬዲዮ ሊገባ ነው» ብሎ ጨርሷል። ሰላምታ እንኳ የሚሰጠው ይህንን ከተናገረ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ አባት ላይ ኮርስ አይደገምም።

ለአንሙት የደረሰችው ጋዜጠኛ የኔአለም ነበረች። የከተማው ሬዲዮ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች፣ ቦርሳዋ ከራሷ የሚገዝፍ፣ ስትሄድም ስትሠራም ቆሎ የምትቆረጥም። አንሙት መኪና ጠብቆ ነበር፤ ባጃጅ መጣ።

«እርስዎ ከፊት ይቀመጡ» አላት በአክብሮት።

«አታስረጀኝ። ቦርሳውን ያዝ።»

ሳምንቱን ሙሉ ቦርሳ ያዘ። በሁለተኛው ሳምንት መቅረጫውን ሰጠችውና «በል አናግር» አለችው።

የመጀመሪያው ሰለባ ባለ ባጃጁ ነበር። ገና ከነዳጅ ሰልፍ መውጣቱ ነው፣ አፉ አላረፈም። «ሰልፉ እኮ ሰፈር ሆነ! ከፊቴ የነበረው ሰውዬ እዚያው ሽማግሌ ልኮ እዚያው ታጨ! እኔ ነዳጁ ሲደርሰኝ እሱ ክርስትና ያነሳል!»

አንሙት ደስ ብሎት መቅረጫውን አወጣ። ሰውዬው መቅረጫውን ሲያይ ኮሌታውን አስተካከለ። «በመጀመሪያ ይህንን ዕድል ስለሰጣችሁኝ እያመሰገንኩ፣ የነዳጅ አቅርቦቱ ምንም እንኳን አንዳንድ ክፍተቶች ቢስተዋሉም፣ በአበረታች ሁኔታ ላይ ይገኛል።»

ድንች ሻጯ «ከሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት ጋር በመቀናጀት» አለች። ጫማ ሰፊው ጭራሽ ተነስቶ ቆመና ስብሰባ ከፈተ። ረቡዕ ማታ አንሙት የቀረጸውን ሲያዳምጥ ሰባት ሊቀመንበር እንጂ አንድ ሰው አላገኘም።

ሐሙስ የኔአለም አምበር ገበያ ወሰደችው። የገዛ አገሩ! ገበያው መግቢያ ላይ በቅሎውን የሚጠብቅ አንድ ሽማግሌ አየችና መቅረጫውን ከአንሙት ተቀብላ በእጇ እንደያዘች ቀረብ አለች።

«አባባ፣ ይቺ አህያ ስንት ትባላለች?»

«አ… ህ… ያ?» ሽማግሌው ዱላቸውን ተደገፉ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽን ሰው በላው? ሰጋር በቅሎ አህያ ትያለሽ? ደጀን ድረስ ተቀምጬባት ስሄድ የያዝኩት ጠላ ጠብ አይልም እኮ!» ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው። ስለ ገለባ መወደድ፣ በበቅሎ ፈንታ ሞተር ስለገዛው አማቻቸው፣ ሁሉንም አወረዱት። መቅረጫውን ልብም አላሉት።

«አየህ?» አለችው ቆሎዋን እየቆረጠመች፣ መቅረጫውን እየመለሰችለት። «ዐዋቂ መስለህ ከመጣህ ንግግር ያደርግልሃል። ደደብ ከሆንክለት ያስተምርሃል። በል ሂድ፣ ደድብ።»

«እዚህ? እዚህ እኮ ውሻው ሳይቀር ያውቀኛል!»

«ነገ ዓርብ ነው» አለች።

አንሙት እግሩን እየጎተተ ጤፍ ተራ ገባ። እትዬ የብርጓል፣ የቤታቸው ጎረቤት፣ ወተት የመሰለ ማኛ ጤፍ ዘርግታ ተቀምጣለች። ይህንን ጤፍ ያጨደው ራሱ ነው፣ በወንፈል፣ ኅዳር ላይ።

«እትዬ፣ ይሄ ዳጉሳ ስንት ነው?»

የብርጓል አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ቀስ ብላ ተነሳችና እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች።

«አንሙቴ… እስኪ ቀና በልልኝ። እኔ ማን ነኝ?»

«እትዬ የብርጓል።»

«ይሄስ?»

«ዳጉሳ።»

«ኡኡ! አብሾ አጠጥተውታል! ልጁን ማርቆስ አብሾ አጠጥተው ሰደዱልን!»

ገበያው ተገለበጠ። አንዱ «ዲማ ደብር ቅኔ ሲቆጥር አብሾ ጠጥቶ እንዲህ የጀመረው አውቃለሁ፣ ኋላ ከዛፍ ጋር ይሟገት ነበር» ይላል። አንዷ «ትምህርት በዛበት፣ ገና በልጅነቱም ዓይኑ ይፈዝ ነበር» ትላለች። ሌላዋ ጠበል ልታመጣ ሮጠች። የመቅረጫው ቀይ መብራት በርቷል። አንሙት በልቡ ደቂቃ ይቆጥራል፦ አንድ ተኩል። የኔአለም ከሩቅ ሆና «ቀጥል፣ ቀጥል» ትላለች በእጇ።

ሰዉን ገፍቶ አያ ፈንታ መጣ። ከጤፉ ጭብጥ አድርጎ ልጁ አፍንጫ ሥር ዘረጋ። ጤፉ በጣቶቹ መሃል ሲፈስስ ልብ አላለውም።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?»

አንዲት ፍሬ መሬት ስትወድቅ የሚለቅም አባቱ ጤፍ ሲያፈስስ አንሙት አየ። ኮርሱም ገደል ይግባ አለ።

«ማኛ ነው አባቴ። አላበድኩም። ለትምህርት ነው፣ ሆን ብዬ ነው። ይኸው፣ እየቀዳ ነው።»

የብርጓል መቅረጫውን አየችው። ነጠላዋን አስተካከለች። አለቀልኝ፣ አለ አንሙት፤ አሁን ልታመሰግን ነው።

መቅረጫውን ነጠቀችው።

«ይቅዳ! እናንተ ሬዲዮኖች 'ምርቱ እንዴት ነው' እያላችሁ ትመጣላችሁ። ምርቱማ ይኸው! ነጋዴው ይሄን ወስዶ ከቀይ ጤፍ ጋር ይቀላቅልና 'የአምበር ማኛ' ብሎ ይሸጣል። እንጀራው ሲጠቁር የምሰደበው እኔ! ይሄን የጠየቀኝ አለ? የለም! ይልቅ ንፍጡን የጠረግኩለትን ልጅ ልካችሁ ዳጉሳ ታስብሉብኛላችሁ!»

አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገረች። ነጋዴውን ጨረሰችና ወደ ቀበሌው ተሻገረች፤ ቀበሌውን ጨረሰችና ወደ ባሏ። መሃል ላይ ጠበሉ ደረሰ። አያ ፈንታ «ከመጣ አይቀር» ብሎ ሙሉውን ልጁ አናት ላይ ደፋው። የኔአለም በሳቅ እንባዋ እየወረደ፣ የጤፍ ከረጢት ላይ አስደግፋ ቅጹን ፈረመች።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት መምህር ተስፋዓለም ሦስቱን ደቂቃ አርባ ሁለቱም ፊት ከፈተው። ክፍሉ በሳቅ ሲንጫጫ እሱ አልሳቀም፤ ነጋዴው ጋ ሲደርስ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሲያልቅ «ሰው ነች» አለና «አልፏል» ብሎ ጻፈ። «ሰኞ ደግሞ ነጋዴውን ታናግረዋለህ።»

ቅዳሜ ጠዋት የኔአለም ድምፁን በሬዲዮ ባወጣችው በአምስት ደቂቃው የአንሙት ስልክ ጮኸ።

«አንተ ልጅ» አለች የብርጓል። «የቀረውን ስምንት ደቂቃ የት አደረስከው?»

«እትዬ፣ የተፈቀደልን ሦስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ…»

«ስለ ቀበሌው ያልኩትስ?»

«ቆረጥኩት።»

«ስለ ባሌ ያልኩትስ?»

«እሱንም።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እሱን እንኳን ደግ አደረግክ» አለች። «እዚሁ ተቀምጦ እየሰማ ነው። ቀበሌውን ግን ቀጥልልኝ።»