የተፈረመለት ሰው ስም

ሥራ በገባሁበት ዕለት ሐጂ ኑሩ መጀመሪያ ያስተማሩኝ መጽሐፍ አከፋፈት ነበር። ባሕር ዳር ገበያ አጠገብ ያገለገሉ መጻሕፍት ይነግዱ ነበር።

“ሽፋኑ አያታልልሽ፤ ገልብጪና ስንተኛ እትም እንደሆነ እዪ” አሉኝ። “የመጀመሪያ ከሆነ ደራሲው ፈርሞበት እንደሆነ ፈልጊ።”

ዘመኑ የደርግ ነበር። መደርደሪያችን ላይ የሚታየው የሶሻሊዝም መጽሐፍ ነው። የቀድሞ ባለሥልጣናት የጻፏቸውን ትዝታዎች፣ በተለይ የተፈረመባቸውን፣ ሐጂ ከጓዳ ያስቀምጡና ለሚያምኗቸው ሰብሳቢዎች ብቻ ይሸጡ ነበር።

አንድ ጊዜ መጽሐፍ የሚሸጡ ሴት አሉ ተብሎ በጀልባ ጎርጎራ ተላክሁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ በሩን ገርበብ አድርገው “ማን ላከሽ?” አሉኝ። ሐጂ ናቸው ብላቸውም ወዲያው አላመኑኝም። በኋላ ያወጡልኝ መጽሐፍ ደርግ የገደላቸው አንድ አገረ ገዥ የጻፉት ነው። ከፊርማው በላይ “ለወዳጄ” ብለው የወይዘሮዋን ባለቤት ስም ጽፈዋል።

“ባለቤቴ በሕይወት አሉ። ከጸሐፊው ጋር መተዋወቃቸውን ማንም አያውቅም” አሉኝ። “ማቃጠል አቃተኝ፣ ማቆየትም ፈራሁ።”

ስሙን ማንም እንደማያይ ቃል ገብቼ ወሰድሁ። ሐጂ ከጨው ጆንያ ኋላ ደበቁት።

ብዙም ሳይቆይ ደምሴ የሚባል ሰው መጣ። የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ሹም አቦ ሰፈር ነው የምኖር አለን። የእኒያኑ አገረ ገዥ ትዝታ፣ የተፈረመበትን ጠየቀ።

“ያልተፈረመበት አለ” አልሁት።

“የተፈረመበትን ነው የምፈልገው።”

ሌላ መጽሐፍ በእጁም አልነካ። ሲወጣ ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ይህ ሰው የሚሰበስበው መጽሐፍ ይሁን ሰው አላወቅሁም” አሉ።

ደጋግሞ ተመላለሰ። በመጨረሻ ሐጂ ሊፈትኑት አንድ አጭበርባሪ አስመስሎ የፈረመበትን ቅጂ አወጡለት። ደምሴ አየና ዘጋው።

“የእሳቸው እጅ አይደለም።”

“በምን አወቁ?” አሉት ሐጂ።

ወደ በሩ ዞሮ አየ። “ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ናቸው። አሁን በአጎቴ ስም ነው የምጠራው። ቤታችን ሲፈተሽ በእጃቸው የጻፉት ሁሉ ተወሰደ።”

ይህንን ጆሮ ጠቢም ሊለው ይችላል ብዬ ሐጂን በዓይኔ ከለከልኋቸው። እሳቸውም ከወንበራቸው አልተነሡም። ደምሴ ገባው።

“የተፈረመለትን ሰው ስም ማወቅ አልፈልግም። እናንተው ቆርጣችሁ አስቀሩትና የቀረውን ከነፊርማው ስጡኝ” አለ።

ሰብሳቢ እንዲህ አይልም፤ ገጹ ተቆረጠ ማለት መጽሐፉ ተበላሸ ማለት ነው። ጆሮ ጠቢ ቢሆን ደግሞ የሚፈልገው የሚቆረጠውን ስም ነበር። ሐጂ ጓዳ ገብተው የላይኛውን መስመር በምላጭ ቆረጡ። እኔ ቁራጩን ከሰል ላይ ጣልሁት፤ አመድ እስኪሆንም ቆሜ አየሁ።

ደምሴ ፊርማውን በጣቱ እየተከተለ አነበበና መጽሐፉን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ሄደ።

ከዚያ በኋላም ለወራት በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ሊይዘን ግን ማንም አልመጣም።

ጎርጎራ ተመልሼ ስሙ መቃጠሉን ለወይዘሮ ጥሩነሽ ነገርኋቸው።

“መጽሐፉን ማን ወሰደው?”

“የደራሲው ልጅ።”

“አባቱን ይመስላል?” አሉኝ።

“አባቱን አላውቃቸውም” አልኋቸው።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። የተፈረመ መጽሐፍ ሲገባላችሁ ከዋጋው በፊት ለማን እንደተፈረመ አንብቡ። ያ ሰው በሕይወት ካለ፣ እሱን ሳትጠይቁ ለማንም አታሳዩ።