ቴፑ ላይ የጻፍኩት ፊደል

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት አዲስ ከተማ ሰፈር ከሰል ከመኪና አወርድ ነበር። ጀርባዬ እምቢ ሲለኝ የማታ ትምህርት ገባሁ። ማንበብ ስትችል ዓለም ይከፈትልሃል ያሉኝ ሰዎች ዋሽተውኛል። የተከፈተልኝ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ነው፤ እሱም «የትምህርት ማስረጃ ያለው» ይላል።

ባህል አዳራሽ አካባቢ የተከፈተው የሶላር ሥልጠና ግን እንደኔ ያለውንም ይቀበል ነበር። በሩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ «አካታች» ይላል። ቃሉን ስለማላውቀው ከፊቴ የተሰለፈችውን ልጅ ጠየቅኳት። በአንድ ክራንች የምትሄድ፣ ሃያ አምስት የማይሞላት ልጅ ናት።

«ሁሉንም የሚከት ማለት ነው ጋሼ።»

«የት ነው የሚከተን?»

«እሱን ገብተን እናየዋለን» ብላ ሳቀች።

ጥንድ ጥንድ አድርገው ሲመድቡን እሷና እኔ ተጣመርን። ማንም አልመረጠንም፣ የተረፍነው እኛ ነን።

እውነቱን ልናገር፤ ሦስቱን ወር ሙሉ የተማርኩት እየፈራሁ ነው። ጣሪያው አይደለም ያስፈራኝ፣ ባትሪው ነው። አሠልጣኙ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ኢንጂነር፣ በመጀመሪያው ቀን «ይሄ ጋዝ ያወጣል፤ ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል፤ አሲዱ ዓይን ያጠፋል» አለና እንደ ቀላል ነገር ወደ ሰሌዳው ዞረ። ለኔ ትምህርቱ እዚያ ላይ ቆመ። ሌላው ፍርሃቴ ፈተናው ነው። ጥንዶች አብረው ያልፋሉ፣ አብረው ይወድቃሉ። ያለፈ በየገጠሩ ጤና ኬላ ሶላር ከሚተክለው ማኅበር ጋር ይሠራል። የወደቀ ወደመጣበት ይመለሳል።

የፈተናው ዕለት ቀይ ሽቦ አልቆ ነበር። «ሁለቱንም ጥቁር ተጠቀሙ፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ምልክት አድርጉበት» አለን አሠልጣኙ። ልጅቷ ማርከር ስታወጣ «አምጪው፣ እኔም መጻፍ እችላለሁ» ብዬ ነጠቅኳት። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አሠልጣኙ ያስተማረን አንዱን ሽቦ ወጪ፣ ሌላውን ተመላሽ እያለ ነው። ነጭ ቴፕ ጠቀለልኩና በወጪው ሽቦ ጫፎች ላይ ወ፣ በተመላሹ ጫፎች ላይ ተ ብዬ ጻፍኩ።

እኔ የሽቦዎቹን አንድ ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለው፣ የባትሪውን ኃይል ከሚቀይረው ኢንቨርተር ጋር አሰርኩ፤ ተመላሹን እንደተማርኩት ኔጋቲቩ ላይ። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሌላውን ጫፍ ከባትሪው ጋር ታስር ነበር።

ሁለተኛውን ሽቦ ስታስነካው ጧ አለ። ሰማያዊ ብልጭታ ወጣ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ልጅቷ ወደ ኋላ ወደቀች። ሮጬ አላነሳኋትም። ፊቴን በሁለት እጄ ሸፍኜ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩና ፍንዳታውን ጠበቅኩ። አልፈነዳም።

«ዓይንሽ! ታያለሽ ወይ?» አልኳት ከዚያው ሆኜ።

«ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሽማግሌ ይታየኛል» አለች።

አሠልጣኙ ሮጦ መጥቶ ሽቦውን ነቀለው። «ባትሪው ላይ ማነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ። ፕላስ የተጻፈበትን ፕላሱ ላይ አሰርኩት።»

«አገላብጠሽዋል።» ክራንቿን አየት አደረገ። «በቃ፣ አትዘኚ። ላንቺ ቁጭ ብለሽ የምትሠሪው ነገር እንፈልጋለን፤ ስልክ መቀበል፣ ምናምን።»

ልጅቷ ሦስት ወር ሙሉ መሰላል የወጣችው ስልክ ለመቀበል አልነበረም።

ፕላስ? እኔ ፕላስ የሚል አልጻፍኩም። ጎንበስ ብዬ ባትሪው ጋ ያለውን ቴፕ አየሁ። የኔው ተ ናት። ወፍራም፣ ቀጥ ያለች፣ አንዱ መስመር በሌላው ላይ የተጋደመባት። ልጅቷ ደግሞ ትምህርቷን በሲዳሙ አፎ፣ በላቲን ፊደል የጀመረች ናት። ባትሪው ላይ + አየች፣ ሽቦው ላይም + ፈለገች፣ አገኘች።

አሠልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። ቴፑን ላጥ አድርጌ ኪሴ ከተትኩት።

ለምን እንደሆነ አልዋሽም። «መጻፍ የማይችል ሰው ሽቦ ምን አስነካው?» ሲሉኝ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ሰማኋቸው። የከሰሉ ማዳበሪያ እንደገና ጀርባዬ ላይ የተጫነ መሰለኝ። ደርቄ ቆምኩ። ልጅቷ ጓንቷን አውልቃ ለአሠልጣኙ ስትዘረጋለት ነው እጄ ኪሴ የገባው።

«ተ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ይሄ። የኔ ጽሕፈት ነው። ተ።»

ቴፑን አዟዙሮ አየው። «ይሄማ ፕላስ ነው ጋሼ።»

«ተ ነው እልሃለሁ! ተመላሽ!»

«ተረከዟን ረስተውባት ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አሠልጣኙ አልሳቀም። ቴፑን ባትሪው ላይ ካለው + ጋር አስተያየና «ሰኞ ሁለታችሁም ደግማችሁ ትፈተናላችሁ» አለ። ጓንቱን መለሰላት። ይቅርታ ግን አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳት።

ወደ ታቦር ሰፈር የሚሄድ ባጃጅ አብረን ጠበቅን።

«ጋሼ፣ ኪስዎ ሲከቱት አይቻለሁ» አለችኝ።

ባጃጅ ይመጣ እንደሆነ መንገዱን አየሁ።

«እስከ መቼ እንደሚቆዩ እየቆጠርኩ ነበር።»

«ስንት ደረስሽ?»

«ሃምሳ ላይ ተውኩት።»

«ከሌላ ሰው ጋር እንዲያጣምሩሽ ልጠይቅልሽ?» አልኳት።

«ከማን ጋር? እርስዎን አሁን አውቄዎታለሁ። ሌላውን ገና አላውቀውም።»

ሰኞ ዕለት ምልክቱን እሷ አደረገች፣ ቦታችንንም አቀያየረች። እሷ ኢንቨርተሩ ጋ ቆመች፤ እኔን ባትሪው ሥር አስቀመጠችኝ። የመጀመሪያውን ሽቦ አሰርኩ። ሁለተኛውን ከባትሪው አርቄ ያዝኩት።

«ያስነኩት» አለች ከላይ።

ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። እኔ በሷ ቦታ ብሆን፣ እንደዚያ ያደረገኝን ሰው ባትሪ ሥር ባገኘው ምልክቱን አገላብጬ እንደማደርግለት አውቃለሁ። ይሄ ለማን ይነገራል? አሠልጣኙ ቆሞ ይጠብቃል። ዓይኔን ጨፍኜ አስነካሁት።

«በርቷል» አለች።

ዓይኔን ለመግለጥ ግን ጊዜ ወሰደብኝ።