ቤት ያጋደለው ፎቶዬ

ሌንስ ትወዳለች ብሎ የሚስቅብኝ ይሳቅ። ባሌም ይስቃል። የሙሽራ ክፍል ወይም ዶካ ከተማ ላይ የተሠራ አዲስ መደብር ላነሳ ስሄድ ያን ከባድ ሌንስ እንደ ሕፃን በሻሽ ጠቅልዬ ነው የምይዘው። አንገቱ ይንሸራተታል። በጎኑ ያለችውን ቁልፍ ሲያዞሯት ካሜራው እንደቆመ ሌንሱ ብቻ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲፈልጉም ዘንበል ይላል። ባለሙያዎቹ ቲልት ሺፍት ይሉታል። በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ እኔ ጋ ብቻ ነበር፤ ጉራ አይደለም፣ ሌላ ማን ይህን ያህል ሞኝ አለ? ግን ከዚህ ሌንስ ጋር ያስተዋወቀኝ ጥፋቴ ነው፤ ያውም በገዛ አባቴ ላይ ያደረስሁት ጥፋት።

አባቴ ግንበኛ ነበር። ከጎንደር በመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ ተሻግሮ፣ "ለአንድ ዓመት ብቻ" ብሎ መጥቶ እዚያው ሸበተ። ገበያው ሁሉ "ኡስታ" ይለው ነበር፤ ሱዳኖች የእጅ ባለሙያን የሚያከብሩበት አጠራር ነው። ገዳሪፍ ደግሞ ግንበኛን የምትፈትን አገር ናት። መሬቷ ጥቁር ዋልካ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያለውን ቤትም ይዞት ይዞራል። ሁለት ክረምት ያልሞላው ግድግዳ ወደ ጎረቤቱ ሲያጋድል ማየት ብርቅ አይደለም። አባቴ የሠራው ግን ንቅንቅ አይልም። መሠረት ሲያስቆፍር ሰው "ኡስታ፣ የጉድጓድ ውሃ ልታወጣ ነው እንዴ?" እያለ ያሾፍበት ነበር። እሱም "ቆይ፣ ክረምት ይምጣና እንተያያለን" ይላል። ክረምቱ ይመጣል፤ የሚሳቀው በሌላው ቤት ነው።

እኔ ያኔ ፎቶ ቤት ከከፈትሁ ገና ጥቂት ወር ሆኖኝ ነበር። ሴት ፎቶ አንሺ ለዚያ ገበያ አዲስ ነገር ስለሆነች ግማሹ ሰው የሚመጣው ሊነሳ ሳይሆን ሊያየኝ ነበር። ዋና ደንበኛዬ አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ የጎንደር ሙስሊም፣ መካ ደርሰው የመጡ፣ ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው። አባቴ ባለ አንድ ፎቅ ቤት እየሠራላቸው ነበር። የሚያሠራው ጅዳ ያለው ወንድማቸው ነው። ታችኛው አልቆ የላይኛው ግድግዳ ሊጀመር ሲል ሐጂ "ለወንድሜ የምልከው አንድ ፎቶ አንሺልኝ፣ ልቡ ደስ ይበለው" አሉኝ።

መንገዱ ጠባብ ነው። ወደ ኋላ ብሸሽ ጀርባዬ ከጎረቤት አጥር ይጋጫል፣ ቤቱ ግን ሙሉውን አይገባልኝም። ሰፊ አድርጎ የሚያየውን ሌንሴን ገጠምሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ካሜራውን ወደ ሰማይ ቀና አደረግሁና አነሳሁ። ከደጃፉ እስከ ጣሪያው ጥርቅም ብሎ ገባልኝ! እንዴት እንደኮራሁ! አባቴ ከላይ ሆኖ "እኔንም አስገቢኝ እንጂ፣ አንቺ ልጅ!" ሲል ተሳሳቅን። ስልክ ገና ፎቶ መላክ ያልለመደበት ጊዜ ስለነበር ኢንተርኔት ቤት ሄጄ ራሴው ወደ ጅዳ ላክሁት።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ፎቶውን አሳትመው፣ ይዘው ፎቶ ቤቴ ገቡ። ሰላምታቸው እንኳ አጭር ነበረች። "ወንድሜ እህል አልቀመሰም። ቤቱ ወደ ኋላ እየወደቀ ነው፣ ዋልካው በልቶታል፣ ሥራው አሁኑኑ ይቁም ይላል" አሉኝ። ተቀብዬ አየሁት። ወይ ጉዴ! ሁለቱ ጎኖች ወደ ላይ ሲሄዱ እየተጠጋጉ፣ ቤቱ በጀርባው ሊጋደም የፈለገ ይመስላል። ሳነሳው ይህን እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ዓይኔ ያየው ሁሉም መግባቱን ብቻ ነበር። አባቴ ተጠራ። ሲሚንቶ ያለበት እጁን በሱሪው ጠርጎ ፎቶውን ያዘ፤ ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው። "ነገ መልስ እሰጥዎታለሁ" ብሎ ወጣ። በማግስቱ መጣና "ሐጂ፣ ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ። የላይኛውን ሌላ ኡስታ ይጨርስልዎ" አላቸው። እኔን ቀና ብሎም አላየኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት አይነገርም። ወሬው ገበያውን አዳረሰ። መሠረት ሊያስጥሉት የቀጠሩት ሰዎች ቀሩ። አባቴ ግቢያችን ካለው የሣር ዳስ ሥር ቁጭ ብሎ አንገረብ የሚሉትን የገመድ አልጋ እየፈታ ያጠብቅ ጀመር። የእኛን ሲጨርስ የጎረቤት አመጣ። እናቴ "መርፌ በጨለማ የሚያይ ሰው ዛሬ ዓይኑ ደከመ? በአንድ ቁራጭ ወረቀት?" እያለች ትነጫነጫለች፤ እሱ ገመዱን ይወጥራል። እኔም አመንሁት። አባቴ አረጀ ብዬ አመንሁ፤ ይህን ስጽፍ ዛሬም አፍራለሁ።

ያን ሰሞን አዲስ ሆቴል ሊያነሳ ከካርቱም የመጣ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ባትሪ ሊሞላ እኔ ጋ ገባ። ሻይ አስመጣሁለትና በሻንጣው ያለውን አንገተ ልዩ ሌንስ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። በቃል አልመለሰልኝም። ደጃፍ አውጥቶኝ ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆመና ማዶ ወዳለው የመስጊድ ሚናራ አዞረውና በካሜራው መስኮት እንዳይ አደረገኝ። መጀመሪያ ቀና አደረገው፤ ሚናራው ጫፉ ሾሎ ወደ ኋላ ተጋደመ። ቀጥሎ ካሜራውን እኩል አቆመው፤ ሚናራው ቀጥ አለ፣ ግን ጫፉ ተቆረጠ። ከዚያ ቁልፏን ቀስ እያደረገ አዞረ። የሚናራው ጫፍ ቀጥ እንዳለ ወርዶ መስኮቱ ውስጥ ገባ! "ካሜራው እንደ ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ወደ ላይ የሚሄደው ሌንሱ ነው። ካሜራሽን ወደ ላይ ካቀናሽ ግን ቤት ታፈርሻለሽ" አለኝ በዓረብኛ፣ እየሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስሁ። ሰውዬው ደንግጦ "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ምን አልሁሽ?" ይላል። ነገሩን ነገርሁት። ሌንሱን ፈትቶ እጄ ላይ አኖረው። (ኋላ፣ ሥራ ሲያቆም፣ እሱው ሌንስ የእኔ ሆነ።)

በዚያው ዕለት ሮጬ ቤቱን አነሳሁት። ቀጥ ብሎ ወጣ። አሳትሜ ሐጂ ሱቅ ስደርስ ግን አየት አደረጉትና "በኮምፒውተር አቃንተሽው ነው። ለአባትሽ ብለሽ! አልፈርድብሽም" አሉኝ። ደሜ ፈላ። "እንግዲያው ይነሡ፣ አብረን እንሂድ!" ብዬ ቤት ሄድሁ፤ አባቴን ሳላስፈቅድ ከመሣሪያ ከረጢቱ ቱንቢውን ወሰድሁ። መቼም ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ ከመሬት ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር አይወዳጅም። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ጫፉን አስሬ በማዕዘኑ በኩል ለቀቅሁት። ገመዱና ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ጎን ለጎን ወረዱ። ከዚያ ሐጂ አጠገቤ ቆመው፣ በመጀመሪያው ሌንሴ እንደዚያ ቀን ተንበርክኬ፣ ካሜራውን ቀና አድርጌ አነሳሁ።

"ይመልከቱ" ብዬ የካሜራውን መስኮት አሳየኋቸው። ግድግዳው አጋድሏል። ገመዱም አብሮት አጋድሏል። ሐጂ ቀና ብለው እውነተኛውን ገመድ አዩ፣ እንደገና መስኮቱን አዩ፣ እንደገና ገመዱን።

"እንግዲህ ዋልካው ገመዱንም በላው በሉኛ!" አልኋቸው።

ሐጂ ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። ሳቃቸው ሲበርድ ግን "አስተግፊሩላህ፣ ሰውዬውን በደልነው" አሉ። በሌላውም ሌንስ አንሥቼ ሁለቱን ጅዳ እልካለሁ ስል፣ ከግድግዳው ሥር ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ጣልቃ ገባች።

"ይህን ገመድ ዛሬ ነው እንዴ የምታዩት? ፎቶው የመጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ አባትሽ መጥቶ በአራቱም ማዕዘን አንጠልጥሎት ነበር እኮ። 'እህስ?' ስለው 'ፍንክች አላለም' አለኝና ሻዬን ጠጥቶ ሄደ።"

ወደ ቤት እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። አባቴ ዳሱ ሥር የጎረቤት አልጋ ደፍቶ ገመድ እየወጠረ ነበር።

"አባዬ፣ ግድግዳው ቀጥ መሆኑን ታውቅ ነበር?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ዓይኔ ደከመ አልህ?"

ገመዱን በጥርሱ ይዞ አንድ ዙር አጠበቀና "የእኔ ቤቶች ከተማው ላይ ቆመዋል፤ ያላመነ ሄዶ ይግፋቸው። ያንቺ ሥራ ወረቀት ነው። 'የዚያች ልጅ ፎቶ ይዋሻል' ከተባለ ማን ፊቱን ይሰጥሻል?" አለኝ።

"ፎቶው እኮ ዋሽቷል!" ብዬ ጮህሁበት።

"እሱንማ አየሁ። እንዴት እንደዋሸ ግን እኔ አላውቅም። አንቺ እስክትደርሽበት ብዬ ነው።"

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስሁ። እሱ ግን ገመዱ እንዳይላላበት በሁለት እጁ እንደያዘ "ቆይ፣ ቆይ እንጂ" ይለኝ ነበር።